ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የሚመጣው ሰው

ነሐሴ 4 ቀን 2007፣ ሰኞ

የአሠሪዬ የእትዬ ገነቴ የቅቤ ሱቅ ዌብሳይት እስኪከፈት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ጨረስኩ። ሲከፈት ደግሞ ማንም ሳያዘው መዝሙር ለቀቀ። ከፎንቆ መንደር ቅቤ ልታስመዝን የመጣች ሴት ደንግጣ ዕቃዋን ልትጥለው ነበር።

ገጹን የሠራላቸው የአዲስ አበባ ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ መነሻ ገጹ ላይ ዘርግፎታል። ቀይ ጽሑፍ ይሮጣል። ባንዲራ ይውለበለባል። የየት አገር እንደሆነ ጌታ ብቻ የሚያውቀው ፏፏቴ ይወርዳል። ከሥሩ የእትዬ ገነቴ የሕይወት ታሪክ ከልጅነት እስከ ዛሬ። ቅቤ ማዘዣው ግን የለም። አለ እንጂ፤ «ስለ እኛ» የሚለው ውስጥ ተገብቶ፣ ወደ ታች ተወርዶ ተወርዶ፣ አሥራ አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ ይገኛል። የአያት ስም ሳይቀር ይጠይቃል። ለቅቤ አያት ምን ያደርጋል?

ደቡብ አፍሪካ ያሉ የእኛ ልጆች ለቤተሰባቸው የመስቀል ቅቤ፣ ቆጮና የቅርጫ ሥጋ በዚህ ገጽ ያዝዛሉ ተብሎ ነው የተከፈተው። እኛ ከሆሳዕና እስከ ጃጁራና ዳምቦያ ድረስ ቤት ለቤት እናደርሳለን። አምና ብዙ ሰው ገጹን ከፍቶ ያዘዙት ሰባት ብቻ ናቸው። እትዬ ገነቴ «ሰሎሜ፣ ኮምፒውተር የተማርሽው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?» አሉኝ። መስቀል ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ወንድሜ ስለ ቢንያም ልጻፍና ይውጣልኝ።

በግንቦት፣ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ «እስቲ ከዚህ ገጽ ላይ ለእማዬ ቅቤ እዘዝላት» ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ጣቱ ላይ ታች ሲንከራተት ቆየ። ፏፏቴውን ተጫነ። የእትዬ ገነቴን ፎቶ ተጫነ። እኔ እስቅ ነበር፤ በመጨረሻ «ደነዝ» አልኩት። እሱም ሳቀና «እዚህ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ካጣሁት፣ ማዶ ሆኜ እንዴት አገኘዋለሁ?» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እማዬ ስታለቅስ «እዚህ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ከሚቆም ይሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። መጨረሻ የደወለው ሰኔ 28 ከማላዊ ነው። «ሰው እየጠበቅን ነው፣ በሁለት ሳምንት ደቡብ አፍሪካ እንገባለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። የሁሉም እንደዚያ ነው ይላሉ፤ መንገድ ላይ ስልክ ይነጠቃሉ፣ ይታሰራሉም። ከጃጁራ የሄደ አንድ ልጅ በስምንት ወሩ ነው ድምፁ የተሰማው። የእኛ ገና ሁለተኛ ወሩን ነው።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

መዝሙሩን አጠፋሁ። ፏፏቴውን አጠፋሁ። ባንዲራው ላይ ክርክር ተነሣ። «አጥፍተሽው ቀበሌ ቢጠይቀንስ?» አሉ እትዬ ገነቴ። አሳንሼ ጥግ ላይ ተውኩት።

ከበስተጀርባ የጎብኚ መዝገብ ገጠምኩ። ሰው ከየት አገር፣ በምን ዓይነት ስልክ፣ በስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጽፋል። ስም አይጽፍም።

ነሐሴ 7፣ ሐሙስ

ደቡብ አፍሪካ አራት። አዲስ አበባ ሁለት። ሳዑዲ አንድ።

ማላዊ አንድ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ፣ አራት ደቂቃ ቆየ፣ ምንም ሳይነካ ወጣ።

ነሐሴ 8፣ ዓርብ

ማላዊ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። አራት ደቂቃ።

ነሐሴ 11፣ ሰኞ

ቅዳሜም እሁድም መጥቷል። ሰዓቱ አልተዛነፈም። ስልኩ ቴክኖ ነው፤ ለቢንያም የገዛሁለት፣ ሞዴሉ ሳይቀር።

ከመሄዱ በፊት ኢንተርኔት በከፈተ ቁጥር መጀመሪያ ይሄው የቅቤ ገጽ እንዲመጣለት አድርጌ ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ከቤት እንዲጀምር ብዬ ነው። እንግዲህ ይከፍተዋል ማለት ነው። ይከፍተዋል፣ ያየዋል፣ የሚጫነው ያጣል። ያን ዕለት እንዳጣው።

ለማንም አልተናገርኩም። ሳላጣራ ለእማዬ ብነግራት መላው ሆሳዕና በማግስቱ ያውቀዋል። ሆድ ይፍጀው።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ሙከራ አደረግሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሰው አስቀምጠህ ስልኩን ትሰጠዋለህ፣ «እዘዝ» ትለዋለህ፣ ከዚያ አፍህን ዘግተህ ጣቱንና ፊቱን ታያለህ። መርዳት ክልክል ነው። መጠቆምም ክልክል ነው። የሚሳሳትበት ቦታ የአንተ ጥፋት ነው እንጂ የሱ አይደለም።

ቅቤውን በባጃጁ የሚያደርስልንን ቸኮልን አስቀመጥኩት። «ይሄ የሚፈትነው እኔን ነው ወይስ ቅቤውን?» አለ። ማዘዣውን ለማግኘት ስድስት ደቂቃ ፈጀበት። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብዬ አየሁት፤ አላበው።

ስልኩን ሲመልስልኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ሌላ ጊዜ «ያ ወንድምሽ ነጭ አገባ ወይስ ገና ነው?» ሳይለኝ ከሱቅ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ አላለም።

ነሐሴ 17፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ ስጠጋቸው ሴቶቹ ወሬ አቋረጡ። አንዷ ያለ ምክንያት ጉንጬን ዳሰሰችኝ። እጇ በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ጥላዬ አባባን አጥር ሥር ይዘዋቸው ቆመዋል። ሳልፍ «ከመስቀል በፊትማ አይሆንም» ሲሉ ሰማሁ። የእድር ስብሰባ መሆን አለበት። አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጸሐፊ አድርገዋቸው የለ።

ማላዊ ዛሬም መጥቷል።

ነሐሴ 21፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። ትልቅ ነገር ተገኘ። ከደርባን አንድ ደንበኛ የስልኩን ፎቶ ላከ፤ ፊደላችን በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። እዚያ የተገዛ ስልክ አማርኛ አያውቅም። ስንት ወር ሙሉ ሳጥን ነው ስናሳያቸው የኖርነው።

የቢንያም ስልክ እዚሁ ነው የተገዛው፤ ግን ተበላሽቶ ሌላ ቦታ አሠርቶት ይሆናል። ፊደሉ ጠፍቶበት ይሆናል። ለዚህ ነው እያየ የማያነበው።

ጽሑፉን በሥዕል ቀየርኩት። ሦስት ትልልቅ ሥዕል፦ ቅቤ፣ ቆጮ፣ ሥጋ። ጥያቄው ሦስት ብቻ፦ ለማን፣ የት፣ የአንተ ስልክ። አያት ተሰናበቱ።

ነሐሴ 26፣ ማክሰኞ

ዐሥራ ዘጠኝ ትእዛዝ ገባ። እትዬ ገነቴ ግን እንደጠበቅሁት አልፈነደቁም። ስሜን ጠርተው ይተዉታል። ትናንት አንድ ኪሎ ቅቤ ለቤት ሰጡኝ፤ ዛሬ ደግሞ ደገሙት። «ፌስቡክ የሚሉትን አትክፈቺ፣ ውሸት ነው የሞላበት» ብለው ያለ ቦታው መከሩኝ። ፌስቡክ መች ጠየቅኋቸው?

ማታ ከሥራ ስመለስ የቢንያም ፎቶ ግድግዳው ላይ የለም። ምስማሩ ብቻ ነው ያለው፤ ከበታቹ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን። አባባን ስጠይቃቸው «ለበዓሉ መስተዋቱን ላስቀይረው ብዬ ነው» አሉ። እማዬ ምስማሩን ስታይ ቆየችና ወደ ጓዳ ገባች።

መስተዋቱ ደህና ነበር። ቅዳሜ ራሴ ነኝ የወለወልኩት።

ነሐሴ 29፣ ዓርብ

እኔ በሙከራ ጊዜ ሰው እንደማየው ሰዎች ያዩኛል። አይረዱም፣ አይጠቁሙም፤ ጣቴን ያያሉ፣ ፊቴን ያያሉ። ስህተት የምሠራበትን ቦታ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ጭጋጉ ነው እንዲህ የሚያሳስበኝ። ፀሐይ ካየን ሳምንት አለፈ።

ማላዊ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ አራት ደቂቃ። ቅቤውን አይነካም፣ ሥጋውንም አይነካም። ምናልባት ማዘዝ አይደለም የፈለገው። ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ጳጉሜ 2፣ ሰኞ

አገኘሁት። መግዛት የማይችል ሰው ገጹን ከፍቶ ምን ይፈልጋል? እቤቱ «አለሁ» ማለት ይፈልጋል። ስለዚህ ከሦስቱ ሥዕሎች በላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አስቀመጥኩ፦ «ደህና ነኝ»። ይህም በሥዕል የተጻፈ ነው። አንዴ ሲጫኑት የሱቁ ስልክ ላይ አጭር መልእክት ይመጣል፤ ከየት አገር እንደሆነም ይጨምራል። በቃ።

እትዬ ገነቴ «ታዲያ ማን እንደተጫነው በምን ይታወቃል?» አሉ።

«ስም ከጠየቅን ይሸሻል» አልኳቸው። «ጥያቄ በበዛ ቁጥር ሰው ይሸሻል።»

«ማነው የሚሸሸው?»

ይከራከሩኛል፣ ይህ ቅቤ አይሸጥልንም ይላሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸው ውሃ ሞላና «ያሻሽን አድርጊ ልጄ» ብለው ወደ ሚዛኑ ዞሩ።

መስከረም 1 ቀን 2008፣ ቅዳሜ

አክስቴ ፀሐይ ከዳምቦያ መጣች። ሌላ ጊዜ ለመስቀል ዋዜማ ነው የምትመጣው። እማዬ ጓዳ ስትገባ ትከተላታለች፣ ጓሮ ስትወጣም ትከተላታለች። እማዬ «እኔ ልጠፋ ነው እንዴ?» አለቻት። አክስቴ ሳቀች፤ መከተሏን ግን አልተወችም።

አባባ ሲጸልዩ የቢንያም ስም የሚመጣበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አሳለፉት።

መስከረም 6፣ ሐሙስ

አረንጓዴው ቁልፍ ሥራ ጀምሯል። «ደህና ነኝ። ከደቡብ አፍሪካ።» «ደህና ነኝ። ከሳዑዲ።» «ደህና ነኝ። ከደቡብ አፍሪካ።» ስም የለውም። እኛ ቅቤ እየመዘንን ስልኩ ጮኾ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ደህና መሆኑን ይነግረናል። እትዬ ገነቴ በጮኸ ቁጥር እጃቸውን ከሚዛኑ ያነሣሉ። «የማን ደህንነት ነው ይሄ?» ይላሉ።

ማላዊ ዛሬ ዘጠኝ ደቂቃ ቆየ። ቁልፉን አይቶታል።

ቸኮል የእድሩን ድንኳን ለመስከረም 19 በባጃጁ እንዲያመላልስ ታዟል። «የማን ሰርግ ነው?» አልኩት። «እንጃ» አለና ባጃጁን አስነሣ። በመስከረም 19 ማን ይሞሸራል? ሰዉ ገና ከበዓሉ አላረፈ።

መስከረም 12፣ ረቡዕ

ትእዛዝ ስልሳ ሦስት። ሴቶች በዊጆ፣ በቅቤ ዕቁባቸው፣ ሲያጠራቅሙ የከረሙትን ቅቤ በየቅሉ እያመጡ ነው። ክንዴ እስከ ክርኔ ቅቤ ቅቤ ይላል። ማላዊ ሰባት ደቂቃ። ተጫነው እባክህ።

መስከረም 16፣ እሁድ

ተጫነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ስምንት። በዓሉ ስለደረሰ ከአምልኮ መልስ ሱቅ ከፍተን ነበር። «ደህና ነኝ። ከማላዊ።» ጃንጥላዬን ትቼ በዝናብ ሮጥኩ።

እማዬ የበዓሉን የቡላ ምግብ፣ አተካና፣ ልትሠራ ቅቤ እያነጠረች ነበር። ነገርኳት። ማንኪያውን እንደያዘች ዕልል አለች፤ ከዚያ እዚያው ተንበረከከች። አክስቴ ፀሐይ ዕልል አላለችም። ምድጃው ላይ ያለው ቅቤ ገንፍሎ እሳቱ ውስጥ ሲፈስ ዝም ብላ ታየው ነበር።

አባባ ከመኝታ ቤት ወጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነው።»

«ድምፁን ሰማሽው?»

«ድምፁን አይደለም። ቁልፉን ተጫነው።»

«ተጫነው» አሉ፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው። ጋቢያቸውን ሳይደርቡ ወደ ዝናቡ ወጡ። የአቶ ጥላዬን አጥር ሲያንኳኩ ሰማሁ።

ቀኑን ሙሉ ደስታዬ አላለቀም። ወንድሜ አለ። ደነዝ ያልኩት ልጅ ቁልፉን አገኘው።

መስከረም 17፣ ሰኞ፣ መስቀል

እማዬ ለገባ ለወጣው ሁሉ ትናገራለች። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ነበር። «ልጄ ደህና ነኝ አለኝ» ስትላቸው «ጌታ ይመስገን» ይላሉ፤ ግን ወለሉን እያዩ ነው። አቶ ጥላዬ የጎረሱትን ሥጋ ሳይውጡ ብዙ ቆዩ። ሰው የበዓል ሥጋ እንዲህ ሲከብደው አይቼ አላውቅም። እማዬ ብቻዋን ዘፈነች። አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበላትም፤ እኔ አጨበጨብኩ።

ቅናት ነው። የነሱ ልጆች አልደወሉ ይሆናል።

መስከረም 19፣ ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ መጡ። ቢንያም የሞተው ሐምሌ 9 ነው።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

መስከረም 20፣ ሐሙስ

ልጻፈው።

ወፍ ሳይንጫጫ በር ተንኳኳ። አቶ ጥላዬ፣ ፓስተራችን፣ ከእነሱ ኋላ ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ወገባቸውን የታጠቁ ሴቶች። አባባ ለባብሰው ተቀምጠው ነበር። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው አቀማመጥ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አይደለም፣ እውነቱን ልጻፍ፤ ያን ጊዜ ነው አልገባኝም ማለት ያቃተኝ።

አብሮት የሄደው ፍፁም የሚባል ልጅ ደርባን ገብቶ ነሐሴ 12 ለአባባ ደውሏል። በጭነት መኪና ተዘግቶባቸው ከማላዊ ሲወጡ አየር አጠራቸው። ሲከፈት አሥራ አንዱ አልተነሡም። ሾፌሩ የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ፣ የሞቱትን መንገድ ዳር አውርዶ፣ የተረፉትን ይዞ ሄደ። የት እንደተቀበሩ፣ መቀበራቸውንም ልጁ አያውቅም።

በእኛ አገር በበዓል ሰሞን መርዶ አይነገርም። አባባና ሽማግሌዎቹ «እናትየው መስቀሏን ትብላ» ብለው ለአርባ ቀን ያህል ያዙት። አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ቸኮል ያውቅ ነበር። እትዬ ገነቴ ቁልፉን ስሠራ እያዩኝ ያውቁ ነበር። ሲጠበቅ የነበረው የእኔ ስህተት ነው፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም።

እማዬ መርዶውን ሰማች። ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀች። ከዚያ «እሁድ ዕለት ደህና ነኝ ብሏል» አለችና ለሽማግሌዎቹ ውሃ ልታቀርብ ተነሣች። ልታለቅስላት የመጣችውን ሴት ሁሉ አስቀምጣ የመስቀሉን አተካና አቀረበችላቸው። ድንኳኑ ተተክሎ የቢንያም ፎቶ ትልቅ ሆኖ ገባ። «ጥሩ ወጥቷል» አለች፤ «ሲመጣ እናሳየዋለን።» ሴቶቹ የሚያደርጉት ጠፋቸው። እናት ሳታለቅስ ማን ቀድሞ ያለቅሳል?

አባባ ጓሮ ወስደውኝ «ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሉኝ። ጥፋቱን ተከፋፈልነው እንጂ ከእኔ ላይ አልወረደም። እማዬን ያለ ልጇ አስቀረኋት፤ አሁን ደግሞ ከለቅሶዋም አስቀረኋት።

ሐምሌ 9 የሞተ ሰው ነሐሴ 7 ገጽ አይከፍትም። ስልኩ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ኢንተርኔት በከፈተ ቁጥር እኔ ባስተካከልኩት መሠረት እኛ ሱቅ ይገባል። ይሄ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ግን ለምን ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት እንደሆነ ነው። ለምን ሰንበት የለውም? የማያነበውን የቅቤ ገጽ አራት ደቂቃ ሙሉ ምን ብሎ ያየዋል?

መስከረም 21፣ ዓርብ

እማዬ ለቀስተኛውን ድንኳን ውስጥ ትታ ስምንት ተኩል ላይ ሱቅ መጣች። እትዬ ገነቴ ወንበር ሰጧት። ከስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ጮኸ። «ደህና ነኝ። ከማላዊ።»

እማዬ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

መስከረም 23፣ እሁድ

ትናንትም መጣ፣ ትናንትም «ደህና ነኝ» አለ። እማዬ ለቢንያም የክረምት ሹራብ ልትልክለት ማሰብ ጀምራለች። አቶ ጥላዬ «ድንኳኑን እናፍርስ ወይስ?» ብለው አባባን ጠየቋቸው። አባባ እኔን አዩኝ።

እማዬን መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። የሱቁን ስልክ ይዤ መጥቼ ነበር። በእኔ ስልክ ገጹን ከፍቼ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ስልክም ሲጮህ ከማንሣት ሌላ አታውቅም።

«ልጅሽ የተጫነውን ተጫኚ» አልኳት።

ከዚያ አፌን ዘጋሁ። አልጠቆምኩም። ጣቷ አልተንከራተተም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ብሎ አረንጓዴው ላይ አረፈ። ከዚህ ቀደም ካስቀመጥኳቸው ሰዎች ሁሉ እንደሷ ያገኘው የለም።

የሱቁ ስልክ ጉልበቷ ላይ ጮኸ። አነበብኩላት። «ደህና ነኝ። ከኢትዮጵያ።»

«ይሄ ማነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

«እኔ ደህና ነኝ አላልኩም።»

«አላልሽም። ተጫንሽው ብቻ ነው።»

ሁለቱን ስልኮች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አንዱን ከሌላው ጋር አስተያየች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ውጭ ሰዎች ቀስ ብለው ያወራሉ። ከዚያ መቀነቷን ከአልጋው ራስጌ አንሥታ ወገቧን አሰረች፣ በሩን ከፈተች፣ ወደ ድንኳኑ ወጣች። ስሙን በቋንቋችን በሀዲይሳ ስትጠራ ሰማሁ። ሴቶቹ ተቀበሏት።

እኔ አልጋው ላይ ቀረሁ። በዕድሜዬ የሠራሁት ሁሉ ተቃጥሎ እሱ አንዴ ቢደውል እላለሁ።

መስከረም 29፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ተነሣ። ሥራ ገባሁ። ቁልፉን ላጠፋው ስል እትዬ ገነቴ ከለከሉኝ፤ ከሌላ አገር የሚጫኑት አሉ። ከማላዊ ለሚገባ ሰው ብቻ እንዳይታይ አደረግሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ወጣ። ቅቤውን ነካ፣ ቆጮውን ነካ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ነካ። ይፈልገው ነበር።

ጥቅምት 1፣ ሰኞ

ይህን ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም፤ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። እሳቱን እየቆሰቆሰች ብዙ አሰበችና «ይሄ ሰውዬ ልጆቹ የት እንዳሉ ያውቃል» አለች።

«ስልኩን ከገበያ ገዝቶት ቢሆንስ?»

«ጠይቂው።»

«ምን ብዬ?»

«መጀመሪያ ሰላም በይው» አለች። «የቁጣ ቃል ያየ እንደሆነ ይዘጋዋል። ስልኩን ይውሰደው። ልጄን የት እንዳስቀመጡት ብቻ ይንገረኝ፤ እኔ የምለምነው አፈሩን ነው።»

እሷ በሀዲይሳ ትለኛለች፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ማላዊዎች እንግሊዝኛ ያነባሉ። ሦስት ጊዜ አስቀየረችኝ። እኔ «ሌባ» የሚል ቃል አስገብቼ ነበር፤ በምን እንዳወቀች እንጃ፣ «ያንን አውጪው» አለች።

ጥቅምት 3፣ ረቡዕ

ከማላዊ ለሚገባ ሰው መነሻ ገጹ ላይ አሁን ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ባንዲራም የለም። ነጭ ነው። መሐሉ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ላንተ ይሁን። ይህ ስልክ የልጄ ነበር። ስሙ ቢንያም ነው። ስልኩን አልጠይቅህም። የት ተቀበረ?»

ከሥሩ መጻፊያ ቦታ አለ። ስም አይጠይቅም።

እማዬ ከስምንት ሰዓት ጀምራ አጠገቤ ናት። እትዬ ገነቴ ሱቁን ዘግተው በሩ ላይ ቆመዋል። ኮምፒውተሩ ላይ መዝገቡን ከፍቻለሁ፤ ገጹ በሰው እጅ ክፍት ሲሆን መሥመሩ ይበራል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ በራ።

አራት ደቂቃ ሆነው። አልወጣም። ዘጠኝ ደቂቃ። ሃያ። እማዬ ደቂቃውን እንድነግራት አትጠይቀኝም፣ መሥመሩን ብቻ ታያለች። ሠላሳ ላይ አንድ ፊደል እንደተጻፈ መጻፊያ ቦታው አሳየኝ፤ ወዲያው ጠፋ። ደግሞ ተጻፈ፣ ደግሞ ጠፋ። እትዬ ገነቴ ቀስ ብለው መጸለይ ጀመሩ።

አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ መሥመሩ ጠፋ። መጻፊያው ባዶ ነው።

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

«ምንም አላለም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«አንብቦታል» አለችኝ። «ነገም እንዳታነሺው።»